ጋሽ ኮምፓስ ብቻ የሸተታቸው ቤንዚን

ጋሽ ኮምፓስ ቤንዚን ለመጀመሪያ ጊዜ የሸተታቸው ዝናቡ አባርቶ የጠዋቱ ብርድ ጠንከር ባለ ሰሞን ነው። ባለቤታቸውን ለጉልበት ሕክምና ሊያደርሱ አሮጌውን ፎር ዊል አስነስተው፣ ገና ከግቢው ሳይወጡ ፍሬን ረገጡና አንገታቸውን ወደ ዳሽቦርዱ ሰገግ አድርገው አሸተቱ።

"ቤንዚን ቤንዚን አይልሽም?" አሉ።

"ማንን ነው የምትጠይቀው?" አሉ ባለቤታቸው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ እያደላደሉ። "የእኔ አፍንጫ መነጽር ማስቀመጫ ሆኖ ከቀረ ሁለት ዓመቱ።"

እውነታቸውን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ክፉ ጉንፋን ይዟቸው ሲለቃቸው ማሽተታቸውን ይዞባቸው ሄዷል። ድስት አጠገባቸው እያረረ ተደላድለው ጋዜጣ የሚያነቡ ሴት ናቸው። ስለዚህ ጋሽ ኮምፓስ መስኮቱን ዝቅ አድርገው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ሕክምናው ቦታ ሲደርሱ ሽታው ጠፍቶ ነበር።

"ኮምፓስ" የሚለውን ስም ያወጡላቸው የመሥሪያ ቤት ጓደኞቻቸው ናቸው። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የመሬት ቀያሾችን ጭነው መንገድ ባለበትም በሌለበትም ሲነዱ አንድም ቀን ጠፍተው አያውቁም። መሐንዲሶቹ ካርታውን አንዴ ሲዘቀዝቁት አንዴ ሲያቃኑት፣ እሳቸው መሪያቸውን እንደያዙ "ከዚያ ጉብታ ጀርባ ወንዝ አለ፤ በግራ ነው የምንሻገረው" ይላሉ፤ ሲደርሱም እንዳሉት ይሆናል። ጡረታ ሲወጡ መሥሪያ ቤቱ ያረጁ መኪኖቹን ይሸጥ ስለነበር፣ አሥራ አራት ዓመት የነዱትን ፎር ዊል ገዝተው ይዘውት ወጡ። "እኔን ያገባ ቀን እንኳ እንደዚያ አልሳቀም" እያሉ ባለቤታቸው ዛሬም ድረስ ያበሽቋቸዋል።

ሽታው በማግስቱም መጣ፣ በሦስተኛው ቀንም መጣ። ሁልጊዜ ጠዋት፣ ሞተሩ እንደተነሳ፣ ሳል የሚያስመጣ ሳይሆን እንደ ቀጭን ክር አፍንጫ ውስጥ የሚገባ ሽታ። ጋሽ ኮምፓስ መኪናውን አቁመው ኮፈኑን ይከፍታሉ፤ ሁሉም ደረቅ ነው። ካርቶን አንጥፈው ከሥር ይገባሉ፤ አንድ ጠብታ የለም። የታንከሩን ክዳን ከፍተው ይዘጋሉ። አሥር ደቂቃ ያህል ከተነዳ በኋላ ደግሞ ሽታው የት እንደገባ ሳይታወቅ ድራሹ ይጠፋል።

ልጃቸው ነርስ ናት፤ ከእነሱ ቤት ሁለት መንገድ አለፍ ብላ ከባሏ ጋር ትኖራለች። አባቷ ሲነግሯት ከሥራ መልስ መጥታ ጋቢና ተቀመጠች፣ ደጋግማ አሸተተች።

"አባዬ፣ እኔ የሚሸተኝ ያረጀ ወንበር ብቻ ነው" አለች።

አማቻቸው ማተሚያ ቤት የሚሠራ፣ ቀለምን ከቀለም በማሽተት የሚለይ ሰው ነው። እሱም በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከተማውን ዞሮበት ተመለሰና "ምንም የለውም አባባ" አለ። በመጨረሻ ተያይዘው ከምሳ በኋላ አንድ ትልቅ ጋራዥ ወሰዱት። እዚያ ያለው መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ በእጅ ባትሪ ወዲያ ወዲህ አበራና፣ "አባት፣ ይሄ መኪና ከእኔ ይልቅ ጤነኛ ነው" አላቸው። ሁሉም ሳቁ። ጋሽ ኮምፓስም አብረው ሳቁ።

ነገሩን ያከበደው በዚያው ሰሞን ሌላ ሌላም ነገር መምጣቱ ነው። አንድ ቀን የአትክልት ማጠጫውን ውሃ ከፍተው ረስተውት ግቢው ኩሬ ሆነ። ሌላ ቀን ሱቅ ሄደው ምን ሊገዙ እንደሄዱ ጠፍቷቸው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ልጃቸውንም በሟች እህታቸው ስም ጠሯት። በሌላ ጊዜ ቢሆን ተስቆበት የሚያልፍ ነገር ነው። አሁን ግን ልጅቷ ነርስ ናትና እያንዳንዱን ነገር በሆዷ ትይዘው ጀመር። የምትሠራበት ክሊኒክ ያለውን ሐኪም እንደ ዋዛ ስትጠይቀው፣ "የሌለ ነገር የሚሸታቸው ሰዎች አሉ፤ አንዳንዴ ከአንጎል ጋር የተያያዘ ይሆናል፤ ቢመረመሩ ጥሩ ነው" አላት።

በሳምንቱ እሑድ መጥታ ከአባቷ አጠገብ ተቀመጠች። ብዙ ዙሪያ ጥምጥም ከሄደች በኋላ፣ "አባዬ፣ ሐኪም እስኪያይህ ድረስ የመኪናው ቁልፍ እኔ ጋ ቢቀመጥስ?" አለችው። አባቷን እንደ ልጅነቷ "አንተ" ነው የምትለው።

ጋሽ ኮምፓስ ከኪሳቸው ቁልፉን አውጥተው መዳፏ ላይ አስቀመጡላት። ይቆጣል፣ ይከራከራል ብላ ተዘጋጅታ የመጣችው ልጅ፣ ሳያንገራግሩ ሲሰጧት ይበልጥ ሆዷ ባባ። የምርመራው ቀጠሮ ከሦስት ሳምንት በኋላ እንዲሆን ተያዘ። ሚስትና ባልም ለጉልበት ሕክምናው በታክሲ መመላለስ ጀመሩ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ጋሽ ኮምፓስ ለማንም አላወሩም። ሽታው ከጀመረ ወዲህ ሲሸሻቸው የከረመው እንቅልፍ አሁን ጭራሽ እምቢ አላቸው። የሚበሉትን ዳቦ ያሸቱታል፣ ትራሳቸውን ያሸቱታል፣ እጃቸውን ታጥበው መልሰው ያሸቱታል። አንድ ማለዳ መታጠቢያ ቤት ቆመው ሳለ ያው የቤንዚን ሽታ ሽው አለባቸው። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቤንዚን ምን ሊሠራ ይመጣል? የዚያን ጊዜ ቆሌያቸው ተገፈፈ። ዕድሜ ልካቸውን ሌላው ሰው ሲጠፋበት "በዚህ ነው" ሲሉ የኖሩ ሰው፣ አሁን የገዛ ጭንቅላታቸው ውስጥ በየት ገብተው በየት እንደሚወጡ ግራ ገባቸው።

ቀጠሮው ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ የባለቤታቸውን የጉልበት ቅባት ሊገዙ ፋርማሲ ተሰልፈው ሳለ አንድ ሰው ትከሻቸውን ነካ አደረጋቸው። ዞር ሲሉ "ቀስ በቀስ" እያሉ የሚጠሩት ሰው ነው። ቀስ በቀስ የመሥሪያ ቤቱ ጋራዥ መካኒክ የነበረ፣ ከእሳቸው አሥራ ምናምን ዓመት የሚያንስ፣ አሁን ከቤቱ ጀርባ የራሱን ትንሽ ጋራዥ ከፍቶ የሚሠራ ሰው ነው። ቅጽል ስሙን ያገኘው አንዲት ብሎን ለመፍታት ሌላው አምስት ሲፈታ የሚፈጅበትን ጊዜ ስለሚፈጅ ነው። እሱ ፈትቶ የገጠመው ግን ሁለተኛ ተፈትቶ አያውቅም።

"ጋሼ፣ ምነው እንዲህ ከሱ?" አላቸው።

ጋሽ ኮምፓስ እንደ ቀልድ አድርገው ነገሩት፤ ባዶ ሽታ የሚሸተው ሽማግሌ፣ ከሰው የሚሻል ጤና ያለው መኪና፣ የተቀማ ቁልፍ። ቀስ በቀስ አልሳቀም። ሰልፉ ሁለት ሰው እስኪሄድ አሰበ።

"የሚሸትዎት መቼ መቼ ነው?"

"ጠዋት። ሲነሳ።"

"ሲሞቅስ?"

"ይጠፋል።"

"ጋራዥ የወሰዱት ስንት ሰዓት ላይ ነው?"

"ከምሳ በኋላ። ጠዋት ባለቤቴን አድርሼበት ከመጣሁ በኋላ።"

"አማችዎስ የነዳው?"

"እሱም ከሰዓት ነው።"

ቀስ በቀስ ራሱን ነቀነቀ። "ታዲያ ማን አየው? የታመመው ሰው ሲሻለው ነው ሐኪም ቤት የወሰዳችሁት። ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እመጣለሁ። ማንም እንዳያስነሳው።"

"ቁልፉ ልጄ ጋ ነው።"

"ልጅዎም ትምጣ።"

በማግስቱ ማለዳ ትንፋሽ እንደ ጭስ የሚታይበት ብርድ ነበር። ልጅቷ ከሰዓት በኋላ ነበር ሥራ የምትገባው፤ ከባሏ ጋር መጣች። ጋሽ ኮምፓስ ጃኬት ሊደርቡ ወደ ቤት ገባ ሲሉ ጠብቃ ቀስ በቀስን ወደ ጎን ጠራችው።

"አንድ ነገር ልለምንዎት" አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "አባቴን ለማስደሰት ብለው የሌለ ነገር አገኘሁ እንዳይሉ። እሱን ማስደሰት እኔም እወዳለሁ፤ ግን ሕመም ከሆነ መደበቅ አይጠቅመውም።"

"እኔ ሰው ማስደሰት አልችልበትም" አላት ቀስ በቀስ። "ባለቤቴን ብትጠይቂያት ትነግርሻለች።"

ኮፈኑን ከፈተ። ባለቤትየዋ ወንበር አስወጥተው፣ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርገው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ቀስ በቀስ መጀመሪያ ቤንዚኑን ወደ ሞተሩ የሚረጩትን አራቱን ኢንጀክተሮች፣ የእያንዳንዱን ዙሪያ በደረቅ ጨርቅ ጠራረገ። ከዚያ ከነጭ ወረቀት አራት ቁራጭ ቀደደና ከእያንዳንዱ ሥር አንድ አንድ ሸጎጠ። ሲሠራ ያየ ሰው ፖስታ የሚያሽግ ይመስለዋል።

"አሁን ቁልፉን ግማሽ ብቻ አዙሪው" አላት ልጅቷን። "ሞተሩ አይነሳ። ፓምፑ ብቻ ይጩህ።"

አዞረችው። ከመኪናው ኋላ በኩል ፓምፑ ለሁለት ሰኮንድ ያህል እዝዝ ብሎ ዝም አለ። አጥፍታ ደገመችው፤ ሠለሰችው። ከዚያ ጠበቁ።

"ይኸው" አሉ ጋሽ ኮምፓስ በዝግታ። ከመኪናው ሁለት እርምጃ ርቀው ነው የቆሙት። "መጣ።"

ለሌላ ለማንም አልመጣም። ልጅቷ ባሏን አየችው፣ ባሏ መሬት መሬቱን አየ። ቀስ በቀስ ግን አጎንብሶ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ መምዘዝ ጀመረ። የመጀመሪያው ደረቅ። ሁለተኛው ደረቅ። ሦስተኛውን ሲመዝ ግማሹ ርሶ፣ ጣቱን በወረቀቱ ማዶ አሳልፎ ያሳያል። አራተኛውም ጫፉ ላይ ነጥብ ይዟል። ሦስተኛውን ለልጅቷ ሰጣት።

ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ለአፍታ ዐይኗን ጨፈነች።

"ቤንዚን ነው" አለች።

ቀስ በቀስ ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ አስረዳቸው። እነዚህ ኢንጀክተሮች ላይና ታች ቀለበት የሚያክሉ የጎማ ማሸጊያዎች አሏቸው፤ እነሱ ጎሚኒ የሚሏቸው። ጎማው ሲያረጅ ይደርቃል። ብርድ ሲሆን ኩምትር ይልና ቤንዚኑን ያሳልፋል፤ ሞተሩ ሲሞቅ መልሶ ይለጠጥና ይዘጋል። የፈሰሰችውን ትንሽ ቤንዚን ደግሞ የሞተሩ ሙቀት ይጠጣታል። "ለዚህ ነው ያላያችሁት" አለ። "ግን በዚህ ሁሉ ጊዜ የምትፈሰው ሞተር ላይ ነው። አንዲት የኤሌክትሪክ ብልጭታ ብታገኛት ኖሮ…" ቀሪውን አልጨረሰውም።

ልጅቷ ዞር ብላ ወንበር ላይ የተቀመጡትን እናቷን አየች። እናቷ ሮጠው ከመኪና መውረድ የሚችሉ ሰው አይደሉም። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

"አባዬ" አለች።

"ቆይ" አሉ ጋሽ ኮምፓስ። "ገና አልተሠራም።"

ይህን ያሉት ተቀይመው አይደለም። ማንም የማያውቀው አንድ ፍርሃት ሆዳቸው ውስጥ ነበር። ቤንዚኑ በእርግጥ ይፈሳል፤ ይህ ታወቀ። ግን መኪናው ተሠርቶ ካለቀ በኋላም ሽታው ባይተዋቸውስ? ያ የመታጠቢያ ቤቱስ?

ቀስ በቀስ አማቻቸውን ይዞ ጎሚኒውን ሊገዛ ሄደ። የመጀመሪያው መለዋወጫ ሱቅ ሻጩ አንድ እፍኝ ጥቁር ቀለበት ዘርግፎ "ጎማ ጎማ ነው፣ ምን ይመርጡታል?" ቢለው፣ ቀስ በቀስ አንዷን አንስቶ በጣቶቹ አሸት አሸት አደረጋትና መልሶ አስቀመጣት። ለውሃ የተሠራ ጎማ ቤንዚን ሲነካው አብጦ ይበሰብሳል። በሁለተኛው ሱቅም የሚሆን አልተገኘም። ሦስተኛው ሱቅ ቤንዚን የሚችለውን ዓይነት በልኩ አገኙ። ቀስ በቀስ ከሚፈለገው በላይ አንድ ትርፍ ጨመረ። አማችየው በኋላ ሲያወራ፣ "ሰውየው ቀለበት ሲመርጥ ሙሽራ የሚያጭ ነው የሚመስለው" አለ።

አራት ሰዓት ላይ ሥራው ተጀመረ። ቀስ በቀስ በመጀመሪያ የባትሪውን ገመድ ፈታ።

"ሲጋራ የሚያጨስ ካለ ከግቢው ይውጣ" አለ።

"ማንም አያጨስም" አሉት።

"ቢሆንም እላለሁ።"

ለአራቱ ኢንጀክተሮች በሚያከፋፍለው ቧንቧ ውስጥ ታምቆ የቆየውን ቤንዚን በጨርቅ ሸፍኖ ቀስ አድርጎ አስተነፈሰው። ብሎኖቹን ፈታ፣ ቧንቧውን አነሳ፣ ኢንጀክተሮቹን አንድ በአንድ ነቅሎ ንጹሕ ፎጣ ላይ በተራቸው ደረደረ። ከሦስተኛው ላይ አሮጌውን ጎሚኒ በጥፍሩ ሲነካው እንደ ደረቀ ልጣጭ ቀሽ ብሎ ተሰበረ። ስባሪውን ለጋሽ ኮምፓስ ሰጣቸው። እሳቸውም መዳፋቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ይህን የምታህል ነገር ነበረች ሦስት ወር ያሰቃየቻቸው።

ከዚያ የኢንጀክተሮቹ መቀመጫ ተወለወለ። አዲሱ ጎሚኒ ንጹሕ ዘይት በጣት እየተቀባ፣ ሳይጠመዘዝ ቀጥ ብሎ መግባት አለበት። አማችየው ቆሞ ሲያይ ቆይቶ፣ "እኔም አንዱን ላስገባ?" አለ። መኪናው ምንም የለውም ብሎ የመሰከረው እሱ ስለሆነ ጥፋቱን በእጁ ሊክስ ፈልጎ ነው። ቀስ በቀስ ሁለተኛውን ሰጠው። አማችየው እንደታዘዘው ዘይት ቀባ፣ አስገባ፣ ተጫነ። ቀጭ ብሎ ሲገባለት ፊቱ በራ።

ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ፣ ብሎኖቹ ጠበቁ፣ ባትሪው ተመለሰ። አዲስ ወረቀቶች ተሸጎጡ። ልጅቷ ቁልፉን ሦስት ጊዜ ግማሽ ግማሽ አዞረች። አምስት ደቂቃ ጠበቁ። ቀስ በቀስ ወረቀቶቹን መዘዛቸው፤ አራቱም ደረቅ።

አማችየው አጨበጨበ። "አለቀ ማለት ነው?" አሉ ባለቤትየዋ ከወንበራቸው። ሁሉም ወደ ጋሽ ኮምፓስ ዞሩ።

ጋሽ ኮምፓስ ወደ መኪናው ጠጋ ብለው አየር ሳቡ።

ሽታው አለ። ቀጭን ነው፣ ግን አለ።

"የለም" ቢሉ በቃ ነገሩ ያልቃል። ልጃቸው ከብዙ ሳምንት በኋላ ፊቷ ፈክቶ ቆማለች፤ አንዲት ቃል ብቻ ነው የምትጠብቀው። ቁልፉ ይመለስላቸዋል፣ ቀጠሮው ይሰረዛል፣ የመታጠቢያ ቤቱን ነገር ይዘውት መቃብር ይወርዳሉ። ግን ነገ ጠዋት እዚያ ወንበር ላይ የምትቀመጠው ሚስታቸው ናት። እሷ ደግሞ እሳት ቢነሳ እንኳ ቀድማ የማታሸት ሰው ናት።

"አሁንም ይሸተኛል" አሉ።

የልጅቷ ፊት ላይ ያለው ብርሃን ሲከስም ያየ ሰው ያሳዝነዋል። "በፊት የፈሰሰው ይሆናል አባባ፣ ገና አልተነነም" አለ አማችየው፣ ለማጽናናት በሚመስል ድምፅ።

"ሊሆን ይችላል" አለ ቀስ በቀስ። "እናያለን። ይናፈስ።"

ኮፈኑን እንደከፈቱ ግማሽ ሰዓት ተዉት። ቀስ በቀስ እጁን በሳሙና ታጥቦ መጣና ወረቀት ሳይሸጉጥ፣ ማንንም ሳያይ፣ ቁልፉን ራሱ ሦስት ጊዜ አዞረ። ከዚያ ከጋሽ ኮምፓስ ጎን ቆመ።

"ጋሼ፣ ከየት በኩል ነው?"

"ምኑ?"

"ሽታው ነዋ። እዚያ በረሃ ውስጥ ሆነው ውሃው በየት ነው ስንልዎት በጣትዎ ያሳዩን አልነበር? አሁንም ያሳዩኝ።"

ጋሽ ኮምፓስ ዐይናቸውን ጨፈኑ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሞተሩ ላይ ጎንበስ አሉ። ከአራተኛው ጀምረው ቀስ እያሉ ወደ መጀመሪያው ሄዱ፣ ተመለሱ፣ ቆሙ።

"ሁለተኛው" አሉ። "ከላይ በኩል። ከጀርባው።"

ቀስ በቀስ ከዕቃ ሳጥኑ ዘንግ ላይ የታሰረች፣ የጥርስ ሐኪም መሣሪያ የምትመስል ትንሽ መስታወት አወጣ። ከቧንቧው ጀርባ አስገብቶ በእጅ ባትሪ አበራባት። አንዴ አዘነበላት፣ አንዴ አቃናት። ጊዜ ወሰደ፤ እንደ ልማዱ ሳይሆን ከልማዱም በላይ።

"ልጄ፣ ነይ እስቲ እዪ" አለ ለልጅቷ።

መስታወቷ ውስጥ ከሁለተኛው ኢንጀክተር አናት ተነስቶ በቧንቧው ጀርባ የሚወርድ፣ የፀጉር ያህል ቀጭን እርጥብ መስመር ያብለጨልጫል። ወርዶ የሚጠራቀመው ቧንቧውን የያዘው ብረት ላይ ስለሆነ ወረቀቱ ጋ አይደርስም።

"እኔ ነኝ ያስገባሁት" አለ አማችየው። "ሁለተኛው የእኔ ነው።"

ባትሪው እንደገና ተፈታ፣ ቧንቧው ተነሳ። ጎሚኒው ሲወጣ ከጠርዙ የጥፍር ቁራጭ ታህል ተሸርፋ ተገኘች፤ ሲገባ ጠመም ብሎበት ብረቱ ቆርጦታል።

"እኔም ስጀምር ስንቱን ቆርጫለሁ" አለው ቀስ በቀስ፣ ትርፉን ጎሚኒ ከኪሱ እያወጣ።

አማችየው ግን ከመቆጨት ይልቅ ጮቤ ሊረግጥ ምንም አልቀረው። ጥፋቱ እንዲህ ያስደሰተው ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልታየም። "እኔ ነኝ፣ አባባ፣ የእኔ ጥፋት ነው" እያለ ደጋግሞ ይናገራል፤ ጋሽ ኮምፓስም "እሺ ሰማን፣ ሰማን" ይሉታል።

በዚህኛው ዙር ሁሉንም ቀስ በቀስ ብቻውን ሠራው። ሲጨርስ ሰባት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶት ነበር። ልጅቷ ለክሊኒኩ ደውላ እንደምትዘገይ ነግራለች። ፓምፑ ሦስት ጊዜ እዝዝ አለ። ቀስ በቀስ በመስታወቷ ዙሪያውን አይቶ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ፤ ቦታውን ለጋሽ ኮምፓስ ለቀቀላቸው።

ጎንበስ አሉ። የሞተር ዘይት ሸተታቸው። ቀስ በቀስ የታጠበበት ሳሙና ሸተታቸው። ከጎረቤት የሚመጣ የታጠበ ልብስ፣ ከኋላቸው ደግሞ የሚስታቸው የጉልበት ቅባት። ደግመው ሳቡ። አሁንም ዘይት፣ ሳሙና፣ ቅባት።

"የለም" አሉ።

"እርግጠኛ ነህ አባዬ?"

"የለም አልኩሽ እኮ።" ድምፃቸው መሀል ላይ ተሰበረ።

"እኔም አይሸተኝም" አሉ ባለቤታቸው ከወንበራቸው ኮስተር ብለው።

መጀመሪያ የሳቀው ቀስ በቀስ ነው። እሱ ሲስቅ ታይቶ ስለማይታወቅ ጋሽ ኮምፓስ ደንግጠው አዩት፤ ከዚያ እሳቸውም ሳቁ፣ ሳቃቸውና እንባቸው ተቀላቀለ። ልጅቷ ጠጋ ብላ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

"ይቅር በለኝ አባዬ። ይሸተኛል ያልከኝን ሁሉ እንደ ሕመም ምልክት ስመዘግብብህ ነበር።"

"ሙያሽ አይደለ እንዴ። እኔ ራሴ መች አመንኩት?" አሏት። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገሯት፤ ዳቦውን፣ ትራሱን፣ ከተሠራ በኋላ ቢሸተኝስ ያሉትን ፍርሃት፣ የመታጠቢያ ቤቱንም።

ልጅቷ ይህን ስትሰማ እጃቸውን ለቅቃ ቀጥታ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ገባች። ከበሩ ጀርባ መስቀያው ላይ አንድ አሮጌ ግራጫ ሹራብ ተንጠልጥሏል፤ በየጠዋቱ ከኮፈኑ ሥር ሲርመጠመጡ የሚለብሱት። እጅጌውን አሸተተችና ሹራቡን ይዛ ወጣች።

"ሕመምህን አገኘሁት" አለች። "በሙቅ ውሃና በሳሙና ይድናል።"

ጋሽ ኮምፓስ ሹራቡን ተቀብለው አሸተቱት። ሹራቡን እንደያዙ ጠዋት ልጅቷ ቁጭ ብላበት የነበረው ደረጃ ላይ ተቀመጡ። አንድ ትልቅ ድንጋይ ከደረታቸው ላይ ተንከባሎ ሲወርድ በጆሯቸው የሰሙት ያህል ሆኑ። ቁልፉ ከእጃቸው የገባው መቼ እንደሆነ እንኳ ልብ አላሉም።

ከሐኪም ቤቱም አልቀሩም። ጋሽ ኮምፓስ ራሳቸው "ቀጠሮ ቀጠሮ ነው" ብለው ነድተው ሄዱ። ሐኪሙ ብዙ ጠየቃቸው፣ ቁጥር አስቆጠራቸው፣ ሥዕል አሳላቸው፤ ስለ ውሃው፣ ስለ ሱቁና ስለ ልጃቸው ስም ሲሰማ "ሌሊት ይተኛሉ?" አላቸው። ሦስት ወር በቅጡ ተኝተው እንደማያውቁ ሲነግሩት፣ "እንደዚያ ከሆነ እኔም ብሆን የልጄን ስም እረሳለሁ" አላቸውና ከስድስት ወር በኋላ ብቅ እንዲሉ ነግሮ አሰናበታቸው።

ያ ግን በኋላ የሆነ ነው። መኪናው በተሠራ ማግስት፣ ባለቤታቸው ገና ሳይነሱ፣ ጋሽ ኮምፓስ ብርድ ልብስ ተከናንበው ወደ ግቢው ወጡ። ጠዋቱ ካለፉት ጠዋቶች ሁሉ ይበርድ ነበር። ኮፈኑን ከፍተው፣ ቁልፉን ግማሽ አዙረው ጠበቁ። ከዚያ አስነሱት። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው መስኮቱን ሁሉ ዘግተው ሩብ ሰዓት ያህል ቆዩ። የአሮጌ ወንበር ሽታ ብቻ ነበር፤ ልጃቸው ያለችው እውነት ነው፣ ወንበሩ በጣም ይሸታል። ሞተሩን አጥፍተው ተመልሰው አልጋቸው ውስጥ ገቡ።

አራት ሰዓት ሲሆን ባለቤታቸው ሰጉ። በአርባ ዓመት ትዳር ውስጥ ባላቸውን ፀሐይ ወጥታ አልጋ ላይ ስታገኛቸው አይተው አያውቁም። እያነከሱ ሄደው ትከሻቸውን ነቀነቁ።

"ምን ሆነሃል? አሞሃል እንዴ?"

"አላመመኝም።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"እንቅልፌ መጣ" አሉ ጋሽ ኮምፓስ፣ ዐይናቸውን ሳይገልጡ።

ባለቤታቸው ግን አላመኑም፤ ልጃቸው ጋ ደወሉ። ልጅቷ ሁሉንም ሰምታ፣ ትንፋሹ ደህና እንደሆነ፣ የፊቱ ቀለም እንዳልተለወጠ ጠየቀቻቸው።

"ማንኮራፋቱ ጎረቤት ይሰማል" አሉ እናቷ።

"እንግዲያው በሩን ቀስ አድርገሽ ዝጊለት፣ እማዬ" አለች። "ምሳ ሲደርስም አትቀስቅሺው።"